ደብረ ብርሃን ተመርቶ አዲስ አበባ የተሸጠ ዕቃ፦ ያልተከፈለው ዋጋ በየትኛው ፍርድ ቤት ይጠየቃል?

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጠያቂው በደብረ ብርሃን ከተማ በግል ስማቸው የንግድ ፈቃድ አውጥተው፣ ስምንት ሠራተኞች ቀጥረው የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ይሠራሉ። አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የቢሮ ዕቃዎች አከፋፋይ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር የ1,140,000 ብር ጠረጴዛና መደርደሪያ አዘዛቸው፤ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅም ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ በአንድ ገጽ ውል ላይ ፈረመ። ዕቃው አዲስ አበባ በሚገኘው የገዥው መጋዘን ተራግፎ የርክክብ ሰነድ ተፈርሞበታል። ገዥው 500,000 ብር ከከፈለ በኋላ ስለ ቀሪው 640,000 ብር «በቅርቡ እንከፍላለን» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ዝም ብሏል። ጠያቂው ምክር ሲያፈላልጉ አንዱ ወረዳ ፍርድ ቤት፣ ሌላው ልደታ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው ንግድ ቢሮ እንዲሄዱ ስለነገሯቸው ማንን እንደሚሰሙ ግራ ገብቷቸዋል። በተጨማሪም ለወደፊቱ በውላቸው ላይ «አለመግባባት በደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ይታያል» ብለው ቢጽፉ ያዋጣቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

ለእርስዎ ጉዳይ ክፍት የሆኑት በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው አዲስ አበባ የሚገኘው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአማራ ክልል ለደብረ ብርሃን የሚያገለግለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው፤ ይኸኛው የሚያየው የፌዴራሉን ሥልጣን በውክልና በመያዝ ነው። ወረዳ ፍርድ ቤቱም ሆነ ንግድ ቢሮው ትክክለኛ አድራሻዎች አይደሉም። ከሁለቱ እኔ የምመርጥልዎ አዲስ አበባን ነው፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

በቅድሚያ ብዙ ነጋዴዎችን የሚያሳስት አንድ ሐሳብ ከመንገዱ ላይ ማንሳት ያስፈልጋል። በአነስተኛና ጥቃቅን ተቋማት መካከል የሚነሳ ክርክር ስለሆነ አነስተኛ ፍርድ ቤት ያየዋል የሚለው ግምት በሕጉ ውስጥ መሠረት የለውም። የሠራተኛ ቁጥርና የካፒታል መጠን ለብድር፣ ለመሥሪያ ቦታና ለመንግሥት ድጋፍ መመደቢያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የዳኝነት ሥልጣንን ለመወሰን ግን ሕጉ የሚጠይቀው ተከራካሪዎቹ እነማን እንደሆኑ፣ የክሱ ገንዘብ ስንት እንደሆነና ጉዳዩ ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚገናኝ ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ በቅደም ተከተል የሚታዩ የተለያዩ ጥያቄዎች በመሆናቸው፣ የአንዱ መልስ ለሌላው መልስ ሊሆን አይችልም። «ገንዘቡ ትንሽ ስለሆነ ወረዳ» የሚለው ምክር የተበላሸው ሁለተኛውን ጥያቄ ከመጀመሪያው በማስቀደሙ ነው።

ስለ ንግድ ቢሮው ረዘም ያለ ነገር መናገር አያስፈልግም። የንግድ አስተዳደር አካላት ምዝገባና ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ይቆጣጠራሉ፣ ሕግ የጣሰውን ይቀጣሉ፤ በሁለት ነጋዴዎች መካከል ያለ የውል ዕዳ እንዲከፈል ግን አይፈርዱም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ቢሆን ሸማች የሚለው ዕቃውን ወይም አገልግሎቱን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛውን ሰው እንጂ፣ መልሶ ሊሸጥ የገዛውን አከፋፋይ ወይም ዋጋ ያልተከፈለውን አምራች አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ስንገባ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለው ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 በ1988 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 25/1988ን ተክቶ ይህን መስመር አስምሯል። ለንግድ ክርክር ይበልጥ የሚጠቅሙት መለኪያዎች ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያው ከተከራካሪዎቹ አንዱ በፌዴራል መንግሥት አካል የተመዘገበ የንግድ ማኅበር መሆኑ ሲሆን፣ ሁለተኛው ተከራካሪዎቹ በተለያዩ ክልሎች ቋሚ ነዋሪዎች መሆናቸው ነው። እርስዎ ከጥያቄዎ ጋር በላኩት የገዥው የንግድ ምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ ላይ የሚታየው ማኅተም የንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር ስለሆነ፣ በመጀመሪያው መለኪያ ብቻ ጉዳዩ የፌዴራል ጉዳይ ይሆናል። ምስክር ወረቀቱ የከተማ አስተዳደሩ ንግድ ቢሮ የሰጠው ቢሆን ኖሮ «በፌዴራል አካል አልተመዘገብኩም» የሚል መቃወሚያ መጠበቅ ይኖርብዎት ነበር፤ በዚያን ጊዜ ወደ ሁለተኛው መለኪያ፣ ማለትም ወደ መኖሪያ ቦታ ልዩነት መዞር ግድ ይል ነበር። ስለዚህ ማንኛውም ነጋዴ ጠበቃ ዘንድ ከመሄዱ በፊት የተከሳሹን ምዝገባ ማን እንደሰጠው ቢያጣራ፣ የሥልጣን ክርክሩን ግማሽ ጨርሷል ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚስቱት ትልቁ ነጥብ ይመጣል። ጉዳዩ የፌዴራል ነው ማለት አዲስ አበባ ካልሆነ አይታይም ማለት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 78 እና 80 የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ሥልጣንን በውክልና እንዲሠሩበት ፈቅዷል። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን፣ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ይዞ ያያል። በአዋጅ ቁጥር 322/1995 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው የተወሰነው በአፋር፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በቀድሞው የደቡብ ክልል ስለነበር፣ አማራ ክልል በውክልናው ሥር ነው። ውክልናው ግን የሚዘለው አንድ ደረጃ አለ፤ ወረዳ ፍርድ ቤት በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ስሙ የለም። ገንዘቡ 640,000 ብር ቀርቶ 6,000 ብር ቢሆን እንኳ፣ ጉዳዩ የፌዴራል እስከሆነ ድረስ በክልል ውስጥ የሚጀመረው ከከፍተኛው ፍርድ ቤት ነው። ወረዳ እንዲሄዱ የመከሩዎት ሰው ምናልባት ሁለቱም ወገኖች ደብረ ብርሃን ያሉ ግለሰብ ነጋዴዎች የሆኑበትን ጉዳይ አስበው ይሆናል፤ በዚያ ሁኔታ ክርክሩ የክልል ስለሆነ ክልሉ ለየደረጃው ባስቀመጠው የገንዘብ ጣሪያ መሠረት ወረዳ ሊጀመር ይችል ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ የገንዘቡ ልክ ነው፤ ይህ በእርስዎ ጉዳይ ብዙ አያወዛግብም። በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክስ ያያል፤ ከዚያ በላይ የሆነው በከፍተኛው ፍርድ ቤት ይጀመራል። በቀድሞው አዋጅ ጣሪያው 500,000 ብር ስለነበር፣ አሁንም ያንን ቁጥር ይዘው 640,000 ብር ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው የሚሉ ሰዎች ቢያጋጥሙዎ አይደነቁ። አንድ ዕዳን ከፋፍሎ በሁለት መዝገብ ማቅረብ ደግሞ አያዋጣም። ከአንድ ውል የመነጨ ጥያቄ ተጠቃሎ እንዲቀርብ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ያስገድዳል፤ በመጀመሪያው ክስ ሳይካተት የቀረውም በኋላ ሊጠየቅ አይችልም።

የአዲስ አበባ ከተማ ፍርድ ቤቶችን በተመለከተ፣ ሥልጣናቸው የከተማው አስተዳደር ቻርተር በዘረዘራቸው ጉዳዮች ላይ የተወሰነ ነው። በሁለት ነጋዴዎች መካከል የተደረገ የሽያጭ ውል ክርክር ከዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለ፣ በከተማዋ ውስጥ የሚነሳ እንዲህ ያለ ክርክር የሚያርፈው በፌዴራሉ ፍርድ ቤት ላይ ነው።

ሦስተኛው የቦታ ጥያቄ ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 19 መነሻ ደንቡን ያስቀምጣል፤ ተከሳሽ የሚከሰሰው በሚኖርበት ወይም ሥራውን በሚያካሂድበት ቦታ ነው። ቁጥር 24 ደግሞ ለውል ክርክር ተጨማሪ ምርጫ በመስጠት፣ ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ክስ እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ሥራ አስኪያጁ ደብረ ብርሃን መጥቶ ስለፈረመ ውሉ የተደረገው እዚያ ነው፤ ርክክቡና የተከሳሹ ዋና መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም በሮች የተከፈቱልዎ በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም በሁለቱም በአንድ ጊዜ መግባት አይቻልም፤ በአንዱ ክስ ተጀምሮ ሳለ ያው ክርክር በሌላው ቢቀርብ ተቀባይነት የለውም።

ውል በአካል ተገናኝተው ለማይፈርሙ አምራቾች ይህ የቦታ ነገር ይወሳሰባል፤ ዛሬ አብዛኛው ትእዛዝ የሚሰጠው በስልክ ወይም በቴሌግራም ስለሆነም ጥቂት ልቆይበት። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1692 በተራራቁ ሰዎች መካከል የሚደረግ ውል የተደረገው የመቀበል መልሱ ከተላከበት ቦታ እንደሆነ ይቆጥራል፤ በስልክ የተደረገ ከሆነ ደግሞ የተደወለለት ሰው ባለበት ቦታ ተደርጓል ይላል። ስለዚህ ገዥው ከአዲስ አበባ ደውሎልዎት ደብረ ብርሃን ሆነው በስልኩ ላይ ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ውሉ የተደረገው ደብረ ብርሃን ነው። እርስዎ ዋጋ በቴሌግራም ልከው እርሱ አዲስ አበባ ሆኖ «ተስማምቻለሁ» ብሎ ቢመልስ ግን ውሉ የተደረገው አዲስ አበባ ይሆናል። ሕጉ ሲወጣ ቴሌግራም ማለት ሌላ ነገር ነበር፤ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ ያገለግላል። የመልእክት ልውውጡን ቀንና ሰዓቱ እንደሚታይ አድርጎ ማስቀመጥ ለማስረጃነት ብቻ ሳይሆን ለሥልጣንም ይጠቅማል።

የተሳሳተ ፍርድ ቤት መምረጥ የሚያስከትለው ጉዳት እንደ ስህተቱ ዓይነት ይለያያል። የቦታ ስህተት ቀለል ያለ ነው፤ ተከሳሹ በመጀመሪያው አጋጣሚ፣ ማለትም በመከላከያ መልሱ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ካላነሳው እንደተወው ይቆጠራል። የሥረ ነገር ሥልጣን ስህተት፣ ማለትም እንዲህ ያለውን ጉዳይ ለማየት ሥልጣን የሌለው ፍርድ ቤት መሄድ፣ ግን ከባድ ነው። ተከሳሹ ቢያነሳውም ባያነሳውም ፍርድ ቤቱ በራሱ አነሳሽነት ሊያየው ይገባል፤ ከፍርድ በኋላ በይግባኝ፣ እስከ ሰበርም ድረስ ሊነሳ ይችላል። አንድ ነጋዴ ወረዳ ላይ ክስ መሥርቶ፣ ምስክር አሰምቶ፣ ፍርድ አግኝቶ፣ አፈጻጸም ላይ ሊደርስ ሲል ተሸናፊው «ጉዳዩ የፌዴራል ነበር» ብሎ ሁሉንም ከሥሩ ሊያፈርስበት ይችላል። ተከሳሹ ይህን እያወቀ ዝም ብሎ ቢከራከርና ሲሸነፍ ብቻ ቢያነሳውም ሕጉ አይከለክለውም። ፍትሐዊ አይመስልም ብለው ቢቆጡ እረዳዎታለሁ፤ ነገር ግን የሥረ ነገር ሥልጣን ከሕግ እንጂ ከተከራካሪዎች ፈቃድ ስለማይመነጭ ዝምታም ሆነ ስምምነት ሊፈጥረው አይችልም።

ክሱን ሲያቀርቡ የሥልጣኑን መሠረት በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 የክስ ማመልከቻ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳዩ ፍሬ ነገሮችን እንዲይዝ ያዛል። በአዲስ አበባ ለሚቀርበው ክስ እኔ የምጽፈው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ «ተከሳሽ በንግድና ቀጠናዊ ትስስር ሚኒስቴር የተመዘገበ የንግድ ማኅበር ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ በአዲስ አበባ ከተማ ይገኛል፤ የክሱ ገንዘብ ልክም 640,000 ብር በመሆኑ ይህ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ተቀብሎ ለማየት የሥረ ነገርም ሆነ የግዛት ክልል ሥልጣን አለው።» የምዝገባ ምስክር ወረቀቱ ቅጂ ከማስረጃ ዝርዝሩ ላይ አንደኛ ሆኖ ይያያዛል።

በከሳሽ ስም ላይ የሱቅ ታፔላ ስም ብቻ መጻፍ ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት ነው። የግለሰብ ነጋዴ የንግድ ስም የሕግ ሰውነት የለውም፤ ከሳሽም ተከሳሽም የሚሆነው ፈቃዱ የወጣበት ሰው ነው። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ የእርስዎ ሙሉ ስም ይሰፍርና የንግድ ስሙ ከጎኑ ይጠቀሳል። ተከሳሹ ግን ማኅበር ስለሆነ የሚጻፈው የማኅበሩ ስም ነው፤ ውሉን የፈረመው ሥራ አስኪያጅ በግሉ ዋስ ካልሆነ በስተቀር አብሮ አይከሰስም። በወጣቶች የተመሠረቱት የኅብረት ሽርክና ማኅበራትም የራሳቸው ሰውነት ያላቸው ናቸው፤ ሳይመዘገብ በአባላቱ መካከል ብቻ የሚሠራው የእሽሙር ማኅበር ግን ስለሌለው የሚከሰሰው ከእርስዎ ጋር የተዋዋለው አባል ነው።

ወደ ፍርድ ቤት ከማምራትዎ በፊት ውሉን አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ያንብቡት። የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለበት፣ በግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 መሠረት ተከሳሹ ይህን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት አንስቶ መዝገቡን ሊያዘጋ ይችላል። የእርስዎ ውል ስድስተኛ ተራ ቁጥር «አለመግባባት ቢፈጠር በሽምግልና፣ ካልሆነም በሚመለከተው ፍርድ ቤት ይታያል» የሚል ነው። ይህ ቃል የመጨረሻ ውሳኔ ለመስጠት ሥልጣን ያለው የግልግል ጉባኤ አያቋቁምም፤ በእኔ አስተያየት መደራደርን ብቻ የሚያስቀድም ነው። ለማንኛውም አንድ ጊዜ በጽሑፍ ለሽምግልና ይጋብዟቸው፤ ሳይመልሱ ቢቀሩ የግብዣው ደብዳቤ ራሱ መቃወሚያውን ይዘጋልዎታል።

ከሁለቱ በሮች አዲስ አበባን የምመርጠው በአፈጻጸም ምክንያት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ መከራከር የ130 ኪሎ ሜትር ምልልስ ያስቀርልዎታል። ነገር ግን የተከሳሹ የባንክ ሒሳብ፣ መጋዘኑና ተሽከርካሪው ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ያገኙት ፍርድ በመጨረሻ ተልኮ የሚፈጸመው እዚያው ነው። ንብረቱን ሊያሸሽ ነው የሚል በቂ ምክንያት ካለዎት ከፍርድ በፊት እንዲከበር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 መጠየቅም በአቅራቢያው ይቀላል። መጥሪያ ማድረስም እንዲሁ ነው። በእርግጥ ምስክሮችዎ ሁሉ ደብረ ብርሃን ያሉና ክርክሩ በሥራው ጥራት ላይ የሚያጠነጥን ቢሆን ኖሮ ምክሬ ይገለበጥ ነበር፤ እርስዎ ዘንድ ግን ርክክቡ የተፈረመ፣ ዕዳውም በደብዳቤ የታመነ ነው።

ይኸው ደብዳቤ ሌላ መንገድም ይከፍታል። ልኩ የታወቀ ከውል የመነጨ የገንዘብ ዕዳ ብቻ ሲጠየቅ፣ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 እና ተከታዮቹ መሠረት ክሱ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ማመልከት ይቻላል። ክሱ በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ ተከሳሹም ለመከላከል በመጀመሪያ ምክንያቱን በራሱ ቃለ መሐላ አሳይቶ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ፈቃድ ካገኘ ጉዳዩ ወደ መደበኛው መስመር ይመለሳል እንጂ የሚያጡት ነገር አይኖርም። ከዚያ በፊት ግን የመክፈያ ቀን የሚወስን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1751 የተመለከተው ዘጠኝ በመቶ ሕጋዊ ወለድ ለ640,000 ብር በዓመት 57,600 ብር ስለሚሆን፣ መታሰብ የሚጀምርበት ቀን አከራካሪ እንዳይሆን ያደርጋል። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ በመርህ ደረጃ አሥር ዓመት ሲሆን፣ ገዥው ዕዳውን ያመነበት ደብዳቤም ቆጠራውን አቋርጦ እንደ አዲስ ስለሚያስጀምረው በዚህ በኩል ስጋት የለብዎትም። ክሱ አዲስ አበባ ሲከፈት ዳኛው ወደ ፍርድ ቤት መር አስማሚነት ሊመራችሁ ይችላል፤ እዚያ የሚደረስበት ስምምነት በፍርድ ቤቱ ሲጸድቅ እንደ ፍርድ የሚፈጸም ስለሆነ፣ የክፍያ መርሐ ግብር ለመያዝ ፈቃደኛ ከሆኑ ባይገፉት እመክራለሁ።

ለወደፊቱ ውልዎ «አለመግባባት በደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ይታያል» ብለው ቢጽፉ፣ ቃሉ የሚሠራው ለቦታው ብቻ ነው። የክልሉ ወረዳ ፍርድ ቤት የሌለውን የፌዴራል ሥልጣን በውል ሊሰጡት አይችሉም፤ ስለዚህ «በደብረ ብርሃን ወረዳ ፍርድ ቤት» ብሎ መጻፍ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጥያቄዎን እንዳየሁት ከሆነ እንዲህ ቢያደርጉት ይሻላል፦ «ይህ ውል በደብረ ብርሃን ከተማ የተደረገ ሲሆን፣ የዋጋው ክፍያ የሚፈጸመው በሻጭ አድራሻ ደብረ ብርሃን ነው፤ ሻጭ በዚሁ ከተማ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ወይም ገዥ ዋና መሥሪያ ቤቱ ባለበት ቦታ ሥልጣን ባለው ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል።» የክፍያው ቦታ መጠቀሱ ውሉ በስልክ የተደረገ ቢሆን እንኳ ለቁጥር 24 በቂ መሠረት ይሰጥዎታል፤ ሁለቱም በሮች ክፍት ሆነው ስለሚቆዩም፣ የገዥው ንብረት የት እንዳለ ካዩ በኋላ ይመርጣሉ።